ጆሮ ያለው ጆንያ

ለወንድም ጋሼ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስህ መኪናህን ጥላ ሥር አቁመህ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ ሻይህም ሳይቀዘቅዝ ያግኝህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ? ከጀርባህ ትራስ ነገር አድርግ ብዬህ ነበር፤ ሰማኸኝ ወይስ እንደ ልማድህ በዚህ ገብቶ በዚያ ወጣ? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? ትንሹ ጥርስ አወጣ አሉ፤ እንግዲህ ቤቱን ሁሉ ሊነክስላችሁ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ከሰው ጋር እጨቃጨቃለሁ ማለቴ ነው።

እማዬንም ባለፈው እሁድ በስልክ አግኝቻት ነበር። አንተን መርቃ አትጠግብም። ልጄ ሩዝ ላከልኝ፣ ከእኔ አልፎ ለጎረቤት ተረፈ እያለች ስታወራ እኔ ሰላም እንኳ ለማለት ቦታ አጣሁ።

ለምን አልደወልሽልኝም ትል ይሆናል። ስልክ ላይ ታስቀኛለህ። ገና ሃሎ ስልህ አንድ ነገር ጣል ታደርግና እስቃለሁ፤ ከሳቅኩ ደግሞ አለቀ፣ የያዝኩትን ነገር ሁሉ ረስቼ ሰላም ዋል ብዬህ እዘጋለሁ። ወረቀት ላይ ግን አፍህ የለም። ስለዚህ አንዴ ታገሰኝና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። እዚህ ዝናብ ከራቀን ሁለተኛ ዓመቱ ሊሆን ነው። ደመና ይመጣል፣ ቁልቁል ያየናል፣ ይሄዳል። ከብት የነበረው ሸጦ ጨርሷል፣ ጉልበት ያለው ሥራ ፍለጋ ወጥቷል፤ የቀሩት እናቶችና ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤታችን የሚሰጠው ምሳ ለብዙዎቹ ልጆች ቁርስም እራትም ሆኗል። አንተ ሩዙንና ቦሎቄውን ከከተማው መጋዘን በመኪናህ ታመጣለህ፣ ስቶር ኪፐሩ ይረከባል፣ ምግብ አብሳይዋ ታበስላለች፣ እኔ ደግሞ አስተባባሪ ተብዬ ከሁሉም በላይ ሆኜ እጨነቃለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመጨነቅ ነው ብዬህ ስቀህብኛል።

ሩዙን ታውቀዋለህ። በነጩ መሃል ቢጫ ቢጫ ፍሬዎች ጣል ጣል ያሉበት፣ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ዓይነት ነው። ቫይታሚኑ ያለው በቢጫዎቹ ውስጥ ነው ተብለናል። ልጆቹ ግን ቢጫ የበዛለት ፈተና ያልፋል ብለው ወስነዋል፤ ሳህናቸው ላይ እየቆጠሩ ይጣላሉ።

ምሳ የሚሰጠው በክፍል ነው። ማን መጀመሪያ ይሰለፍ፣ ማን መጨረሻ የሚለው በየቀኑ ይዞራል፤ ለማንም እንዳናዳላ ብዬ እኔው ነኝ ያመጣሁት። አንድ ቀን የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ቢሮዬ ገብታ ልጆቿ አንዳንድ ቀን በግማሽ እንደሚቀሩባት ነገረችኝ። በሽታ ይሆናል፣ ውሃ ለመቅዳት ሄደው ይሆናል ተባባልን። ቀኖቹን ስናስተያይ ግን ልጆቹ የሚቀሩት ተራቸው መጨረሻ በሆነ ቀን ብቻ ነው። ምግቡ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ጋ አይደርስም ለካ! እነሱ ደርሰውበታል። ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ በባዶ ሆድ ለምን ይምጡ? አስተማሪዋ ደግሞ ሂሳብ አይገባቸውም እያለች ነበር የምትማረርባቸው።

በሚቀጥለው ተራቸው ቆሜ አየሁ። ከመጡት መሃል አንዲት ቀጭን ልጅ ሳህኗን ይዛ እስከ ድስቱ ደረሰች። ድስቱ ባዶ ነው። ወደ ቧንቧው ሄደች፣ ያልበላችበትን ሳህን አጠበች፣ ከሌሎቹ ሳህኖች ጋር ደርድራ ወደ ክፍሏ ገባች። ወንድም ጋሼ፣ አንጀቴን በላችው። የዚያን ቀን ሌባውን ካልያዝኩ ሰው አይደለሁም ብዬ ተነሳሁ።

እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ። ትንሿ መርማሪ ብለህ ስም ያወጣህልኝ ስኳር ጎደለ ብዬ የቤቱን ሰው ሁሉ አፍ ያሸተትኩ ጊዜ ነው። ስኳሩን የበላው ማን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

ጆንያዎቹ ሲገቡ ቁጥራቸው ሙሉ ነው። እንደምታውቀው የምንቀበለው በቁጥር ነው። መጀመሪያ ጊዜ ጭነት ይዘህ ስትመጣ ሚዛኑን በር ላይ አውጥቼ ነበር፤ አንተ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ እህቴ ወንድሟን ልትመዝን ነው ብለህ ስትጮህ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ከመጋዘኑ በር ጀርባ ቆሞ አቧራ ይጠጣል። እንግዲህ ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ የሚሰረቀው ከመጋዘን እስከ ድስት ባለው መሃል ነው ብዬ ደመደምኩ። እዚያ መሃል ያለ ሰው ሁሉ ሌባ ሆነብኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዘበኛውን ነው። ፀሐይ እንዲህ እያነደደን ካፖርት የሚለብስ ሰው ምን ይደብቃል? ጠዋት በር ላይ ሰላም ልበልህ ብዬ አቀፍኩትና ጎኑንም ኪሱንም ደባበስኩት። ያገኘሁት ሬዲዮ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፤ ሚስቱም አኩርፋኛለች። ቀጥሎ የዳይሬክተሩ ዶሮዎች ወፈሩብኝ። ድርቅ ያወፈረው ዶሮ አይተህ ታውቃለህ? ጓሮው ገብቼ ምን እንደሚበሉ በእንጨት ሳገላብጥ ራሱ ዳይሬክተሩ መጥቶ ቆመብኝ። ምስጥ ነው የሚበሉት። ኩም አልኩ።

ስቶር ኪፐሩን ደግሞ ፊት ለፊት ገጠምኩት። ቁልፉን ከወገቡ የማይፈታ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣው ሰው ነው። ስጮህበት ዝም ብሎ ሰማኝና ጆንያዎቹ ሲገቡ ለምን አንመዝናቸውም አለኝ። ደሜ ፈላ። የእኔን ወንድም ነው የምትለው? በእሱ ልትመጣ ነው? ብዬ አፌን ሞልቼ ሰደብኩት። መሬት መሬት አይቶ ዝም አለ። ሲበዛ ዝምተኛ ነው ብዬ የበለጠ ጠረጠርኩት።

በመጨረሻ የቀረችው ምግብ አብሳይዋ ናት። ልጆቹ እትዬ ጭልፋ ይሏታል። ክንዷ የወንድ፣ ምላሷ ከክንዷ የባሰ፣ ልጆቹን አንተ አፍንጫም፣ አንቺ ሰነፍ እያለች እየተሳደበች የምታበላ ሴት ናት። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሁልጊዜ ዘንቢል ትይዛለች። ያ ዘንቢል ሆድ ሆዴን በላኝ። አንድ ቀን ልጆቹ ከክፍል ሲወጡ ጠብቄ፣ በር ላይ አስቁሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት ፈተሽኳት።

ያገኘሁት በጨርቅ የተቋጠረ ያረረ ሩዝ ነው። ድስቱ ሥር ይዞ የሚቀረውን፣ ጠቁሮ የሚፋቀውን። ለልጅ አይሰጥ፣ ለውሻ የሚጣል ነው፤ ከፈለግሽ ውሰጂና ብዪው አለችኝ። እኔ ግን ልቤ አንዴ ቆርጧል። ዛሬ ያረረውን የወሰደች ሌላ ጊዜ ያላረረውን ትወስዳለች ብዬ ለወላጆች ኮሚቴ ሪፖርት አደረግኩ። ኮሚቴው ከሥራ አገዳትና በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ተሰብስበን እንወስናለን፣ ከዚያም ለፖሊስ እናስረክባታለን አለ። ሽርጧን አጠፈች፣ ጭልፋዋን በላዩ አስቀመጠች፣ ድስቱን እኔ አላሳነስኩትም፣ የሚሰጠኝ ነው ያነሰው አለችና ወጣች። እኔም ሌባ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው አልኩ።

እስካሁን ያነበብከው የእኔ ጉብዝና ነው። አሁን ያለውን ቀስ ብለህ አንብብልኝ።

በማግስቱ፣ ባለፈው ዓርብ፣ አብሳይ የለም። ልጆቹ ሳህን ይዘው ይጠብቃሉ። ራሴ ያስባረርኳትን ሴት ሽርጥ ታጥቄ ወደ መጋዘን ገባሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጆንያ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ የምትከፍተው እሷ ናት፣ በቢላዋ ትቀደውና ቅዳጁን እሳት ውስጥ ትጨምረዋለች። እኔ ቢላዋ አልያዝኩም። ጆንያውን ወደ ብርሃን ልሳበው ብዬ ጫፉን ጨበጥኩት። እጄ ላይ ጆሮ መጣ።

ታስታውሳለህ አይደል? አባዬ እህል መጋዘን ጆንያ ሲሰፋ፣ እኔና አንተ ከትምህርት ቤት መልስ ከጎኑ ቁጭ ብለን ስንረዳው? የጆንያውን ሁለት ጫፍ ጠምዝዞ በሲባጎ ያስርና ጆሮ ያወጣለታል፤ ተሸካሚዎቹ በምን ይዘው ያንሱት፣ ጥፍራቸው እኮ ይነቀላል ይል ነበር። ጆሮ የሌለው ጆንያ ሰፍተን ከሰጠነው ፈትቶ ይመልስልናል። ሲጨርስ ደግሞ የሲባጎውን ጫፍ ወደ ኋላ መልሶ በስፌቱ ሥር አሳልፎ ይደብቀዋል። የተደበቀበትን የማያውቅ ሰው ቢላዋ ያስፈልገዋል፤ የሚያውቅ ግን በአንድ ጣት ይስበዋል። ይህን ሌላ የትም መጋዘን ውስጥ አላየሁም፤ ከእኛ ቤት ሌላ ማንም አያውቀውም። አንተ ቶሎ ያዝከው። እኔ እየተበላሸብኝ ሳለቅስ የእኔንም አንተ ትሰፋልኝና ለአባዬ እሷ ናት የሰፋችው ትለው ነበር።

ጣቴ በራሱ ሄደ። ከስፌቱ ሥር ጫፉን አገኘሁትና ሳብኩት። ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ።

ሲባጎውን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ስቶር ኪፐሩ ምን ሆንሽ ሲለኝ አቧራው ነው አልኩት። ወደ ቀሩት ጆንያዎች ሄድኩ፤ ሁሉም ጆሮ አላቸው። ከስፌቱ በላይ ፋብሪካው በማሽን ሲሰፋ የበሳቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች ክር አልባ ሆነው ተደርድረዋል። ተከፍተው እንደገና በእጅ ተሰፍተዋል ማለት ነው። ሚዛኑን ከበሩ ጀርባ አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩና መዘንኳቸው። አንዱም ሙሉ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ነው የተነሳው፣ ዓይን የማያውቀው ያህል። ሲጠራቀም ግን የአንድ ክፍል ምሳ ነው።

እንግዲህ አንተ የመንገድ ሰው ነህና ምከረኝ። ይህን ያደረገው ማን ይሆን? የከተማው መጋዘን ሠራተኞች ናቸው እንዳልል፣ ባለፈው ወር ለፊርማ ሄጄ ቆሜ አይቻለሁ፤ ጆንያው እዚያ ሲጫን የማሽን ስፌቱ እንዳለ ነው። ሸበቶው ረዳትህ ነው እንዳልል፣ ሰውዬው እጁ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ከገባ ስንት ጊዜው ነው፤ ባይሰበርም የጫማውን ክር የሚያስርለት ሰው የሚፈልግ ነው። መንገድ ላይ የገባ ሌባ ነው እንዳልል፣ ሌባ ይቸኩላል፤ ቀዶ ወስዶ ይሄዳል። ይሄኛው ግን ቁጭ ብሎ ሰፍቷል። ይሰርቃል፣ ለተሸካሚዎቹ ጥፍር ደግሞ ያስባል። እንዲህ ያለ ሌባ ሰምቼ አላውቅም። አባዬ ሞቷል። እኔ ሲባጎ ከያዝኩ ዘመን አልፎኛል። ከዚህ በኋላ መቁጠር አልፈለግኩም።

ተናድጃለሁ። እንዲህ ተናድጄ የማውቅ አይመስለኝም። መጋዘኑ ውስጥ ሩዝ ላይ ተቀምጬም አልቅሻለሁ። ከዚያ ተነስቼ ልጆቹን አበላሁ፤ አረረብኝ፣ ደግሞም አልደረሰም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጭልፋ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ልብስ ትጥፋለች። ግቢም ተቀመጪም አላለችኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፣ ከንፈርሽ ደርቋል አለችኝና ውሃውን ጠጥቼ ስጨርስ የሚሰደብ ስድብ ሁሉ ሰደበችኝ። ከዚያ ማን ሆኖ ተገኘ ብላ ጠየቀችኝ። የሚመጣው ዓርብ ይታወቃል አልኳት። አልገፋችኝም። ወደ ሥራ እንድትመለስ ስለምናት ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ድሮ የሚመጣው ጆንያ መያዣ የለውም፣ ወገቤን ገድሎኝ ነበር፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ጆሮ ያለው መምጣት ከጀመረ ግን እፎይ ብያለሁ፤ ያን የሰፋውን ሰው ፈጣሪ እጁን ይባርክለት አለችኝ። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።

እሺ እመለሳለሁ፤ ግን ዘንቢሌን የፈተሽሽበት በር ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰው ፊት ሌባ አይደለችም በዪ አለችኝ። ትናንት አልኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ዘበኛው በካፖርቱ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። ይገባኛል። ኮሚቴው ታዲያ ሌባው ማን ነው ብሎ ያዘኝ። ዓርብ እነግራችኋለሁ አልኳቸው። ስቶር ኪፐሩ አንዴ አየኝና እንደ ልማዱ መሬት መሬት አየ። የሚያውቅ ይመስለኛል። ሰውዬው ዝም ያለው ለእኔ አዝኖ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ይህን ወረቀት በእናንተ በኩል በሚያልፈው የአውቶቡስ ሾፌር እልከዋለሁ፤ ነገ እጅህ ይገባል። ሐሙስ ጭነት ቀናችን ነው። ሚዛኑን በር ላይ አቁሜዋለሁ፤ ኮሚቴውም፣ ዳይሬክተሩም፣ እትዬ ጭልፋም ይኖራሉ። እባክህ ሌላ ሾፌር አትላክ። ራስህ ና። ችግር የገባበት ሰው ካለ ለምን ለእህቱ አልነገራትም ብዬ እያሰብኩ ስገላበጥ ነው የማድረው፤ የመኪናው ዕዳ ይሁን፣ የልጅ ሕመም ይሁን፣ ብትነግረኝ ኖሮ ያለኝን ሸጬ እሰጥ ነበር። አሁን ግን ያቺ ሳህኗን ያጠበች ልጅ መሃል ገብታለች። እሷን አልፌ ወደ ማንም መሄድ አልችልም። የሚነገር ነገር ካለ፣ እኔ ከምናገረው የሚያውቀው ሰው ራሱ ቆሞ ቢናገረው ይሻላል። እኔም ከጎኑ እቆማለሁ፤ እጁን ይዤ እቆማለሁ። ሐሙስ ካልተነገረ ግን ዓርብ እኔ እናገራለሁ። እናገራለሁ፣ ወንድም ጋሼ።

ሲባጎውን ጠቅልዬ ከወረቀቱ ጋር ፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ። ጠንካራ ሲባጎ ነው፣ አልጣልኩትም።

መንገዱን ያቅናልህ። ጎማህን ከጉድጓድ፣ ልጆችህን ከሰው ፊት፣ ልብህንም ከክፉ ያውጣልህ። ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ትንሹን ደግሞ ጥርሱን ሳያሳርፍብህ ሳምልኝ። ሐሙስ ምሳ አቆይልሃለሁ፤ ከልጆቹ በኋላ የሚተርፍ ከሆነ አብረን እንበላለን።

ስፌት የሰፋህላት
ታናሽ እህትህ

ልረሳው ነበር፦ እማዬ ሩዙ ውስጥ ቢጫ ቢጫ ፍሬ አለበት፣ የተበላሸ መስሎኝ እየለቀምኩ እጥለዋለሁ አለችኝ። አትጣዪው ልላት አፌ አልከፈት አለኝ። አንተ ንገራት።